እስከ ሂርና የሚያደርስ ካርድ

ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ አምሮ የወጣልኝ አንዱ ነው፤ ጉድ የሠራኝም እሱ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ስርዝ ድልዝ የለበትም፤ አራት ነጥቡም ነጠላ ሰረዙም በየቦታው ተቀምጧል። ከላይ «ጉዳዩ፦ የትራንስፖርት ዋጋ ቅናሽ ስለመጠየቅ» ይላል፤ ከሥር «ግልባጭ» ብዬ ሦስት መሥሪያ ቤት ደርድሬያለሁ። ጽፌ ስጨርስ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣

«ያምራል። ግን የሰውየውን ታርጋ ምን አስጻፈህ?» አለችኝ።

«ማስረጃ ነው» አልኳት።

ምነው ያኔ ቀድጄ በጣልኩት!

ወደዚህ አገር የመጣሁት በወጣትነቴ ነው። ያኔ ጭሮን ሰው ሁሉ አሰበ ተፈሪ ነበር የሚላት፤ አሁንም አፌ ላይ የሚቀድመኝ እሱ ነው። ትውልዴ ጎጃም ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ቦርደዴ ሲሆን፣ ከሙቀቱ የተነሳ ጠመኔው በላቤ እየራሰ አልጽፍ ይለኝ ነበር። ከዚያ ወደ ጭሮ ተዛወርኩ። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ እያልኩ አገባሁና በዚያው ቀረሁ። ሥራዬ አማርኛ ማስተማር ነበር፤ ቤቱ በኦሮምኛ ለሚያወራ ልጅ ደብዳቤ አጻጻፍ ሳስተምር ኖርኩ። ቀኑ በቀኝ በኩል፣ አድራሻው ከዚህ፣ ሰላምታው ከዚያ እያልኩ ስንቱን አስለቅሼዋለሁ።

ባለቤቴ የነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ሱቁ በኋላ ለእሷ ደረሳት። በአማርኛም በኦሮምኛም ስትከራከር ማንም አይችላትም። እኔን ስትቆጣኝ «መምህር» ትለኛለች፤ ደስ ሲላት ብቻ በስሜ ትጠራኛለች። ከተጋባን ጀምሮ በብዛት «መምህር» ነኝ።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ የግራ ዓይኗ ጠፋ። መቼ እንደጠፋ ራሷም አላወቀችም። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ቀኝ ዓይኗን አቧራ ገብቶባት ስታሸው፣ በሌላው ምንም እንደማታይ ያን ጊዜ ተረዳች። ሐረር ወሰድኳት። የዓይን ግፊት ነው አሉን። የግራው ላይመለስ ሄዷል፤ የቀኙን ለማትረፍ ጠብታው ሳይቋረጥ በየወሩ እየመጣች ግፊቱን መለካት አለባት፣ ውሎ አድሮ ደግሞ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተባለ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን ሲናገር አያለባብስም። «ይቺ ዓይን ቀጠሮ ካሳለፋችሁ አትጠብቃችሁም» አለን። ከዚያ በኋላ የቤታችን ነገር ሁሉ በዚህች በቀረችው ዓይን ዙሪያ ሆነ። ሱቁን ዘጋነው፤ ቀለም መለየት ያቃታት ሴት ምን ጨርቅ ትሸጣለች?

ከጭሮ ሐረር መንገዱ ቀንቶት ሲገኝ እንኳ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። የጡረታ ገንዘብ ደግሞ ያው የጡረታ ገንዘብ ነው፤ ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ ከፍሎ ጠብታውን መግዛት አይችልም። ሦስተኛው ወር ላይ መናኸሪያው በር ቆመን፣ እሷን ብቻዋን ልላክ ወይስ አብሬያት ልሂድና ጠብታው ይቅር እያልኩ ስቆዝም አንድ ሚኒባስ አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ትከሻዬን ሳመኝ። አላወቅኩትም። እሱ ግን ከኋላ መደዳ ተቀምጦ ድርሰቱን በሦስት መስመር ይጨርስ የነበረ ተማሪዬ ኖሯል።

«ቲቸር፣ እማማን ምን ነካብኝ?» አለ።

ነገርኩት። የጋቢናውን በር ከፈተና እጇን ይዞ አሳፈራት።

«ይቺ ቦታ የእሳቸው ናት። የቀጠሮውን ቀን ብቻ በስልክ ይንገሩኝ።»

ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቃሉን አላጠፈም። እኔ የራሴን ትኬት እቆርጣለሁ፤ የእሷን ልክፈል ስለው «ቲቸር፣ እንዳንጣላ» ይለኛል። በየመንገዱ ኬላ አለ፤ ትራፊኩ ማኒፌስት የሚሉትን የተሳፋሪዎች ስም ዝርዝር ይቀበልና ሰው ይቆጥራል። የባለቤቴ ስም እዚያ ላይ የለም፤ ትኬት አልቆረጠችማ። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ሃዳ ቲያ» ይላል፤ እናቴ ናት ማለቱ ነው። ትራፊኩም እጁን አንስቶ ሰላም ይላታል፤ እሷም የእናት ሰላምታ ትመልሳለች። እኔ ከኋላ ሆኜ ይህን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ልዋሽ አልችልም፣ ያሳፍረኝም ነበር።

ያ እፍረት ነው መዘዙን ያመጣው። ዕድሜዬን ሙሉ በደሞዜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሰው ፊት አይቼ አላውቅም። የገዛ ተማሪዬ፣ ያውም ዘጠኝ ጊዜ ያንበረከክኩት ተማሪዬ፣ በየወሩ ሚስቴን በነፃ ሲጭንልኝ ውለታው እየከበደኝ ሄደ። በዚህ መሐል ቀበሌው ሰሌዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ማስረጃ አቅርበው ካርድ ካወጡ በሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ዋጋ መሄድ ይችላሉ ይላል። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ የፊደል ስህተት ነበረበት፤ እሱን እንኳ ይቅር አልኩት።

«ሰውየው ይወስደኝ የለም እንዴ? ምን ቸገረህ?» አለች ባለቤቴ።

«እሱ ቢታመምስ? መኪናውን ቢሸጥስ? መብት እያለ በልመና መሄድ ምን ማለት ነው?»

«ማን ለመነ? ራሱ ነው በር የከፈተልኝ።»

«ወረቀት ወረቀት ነው» አልኳት። ይህን አባባሌን እስከዛሬ እየደገመች ታስቀኛለች፤ ታስቀኝ ነበር ልበል፣ አሁን አትደግመውም።

እንግዲህ ደጅ መጥናት ጀመርኩ። ቀበሌው የነዋሪነት ማረጋገጫ ለመስጠት ሦስት ቀን አመላለሰኝ፤ መጀመሪያ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ቀጥሎ ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ የለም፣ በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። የሐኪም ማስረጃውን ከሐረር አመጣሁ። ካርድ የሚሰጠው ቢሮ ከፎቅ ላይ ነው፤ ዓይን የሌለውም እግር የሌለውም ደረጃውን ወጥቶ ነው አካል ጉዳተኛ መሆኑን የሚያስረዳው። እዚያ ያገኘኋት ጸሐፊ ግን ክፉ ልጅ አይደለችም። ወረቀቶቼን አየችና «አባባ፣ ማመልከቻ ብቻ ነው የቀረዎት። ውጪ ያስጽፉ» አለችኝ።

ውጪ ማለት ከቢሮው ፊት ለፊት ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ማመልከቻ ጻፊዎች ናቸው። ባለጉዳዩ ችግሩን ቁጭ ብሎ ይነግራቸዋል፤ እነሱ ግማሹን እንኳ ሳይሰሙ ሁሌ የሚጽፏትን አራት መስመር ይጽፋሉ፦ ከላይ የተጠቀሰው አመልካች ችግረኛ መሆኔ ታውቆ ካርዱ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ሰውየው አውራ ጣቱን ያትምና ይሄዳል። ነገሩም ይፈጸምለታል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አንዱን ባየሁት ጊዜ ቆሽቴ አረረ። ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ለዚህ ልክፈል? ወረቀቴን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ማታውን ተቀምጬ ጻፍኩ። ያ ደብዳቤ የባለቤቴን ሕመም ይተነትናል፤ የጡረተኛን ኑሮ ይገልጻል። ይህ ሁሉ ደህና ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን ልቤ በምስጋና ተሞላ። ባለቤቴ እስካሁን ለሕክምና ስትመላለስ የቆየችው የሰሌዳ ቁጥሩ እንዲህ በሆነ ተሽከርካሪ፣ በባለንብረቱና አሽከርካሪው ቅን ልቦና፣ ያለ አንዳች ክፍያ መሆኑን፤ ይኸውም ሁለት ዓመት ገደማ ሳይቋረጥ መፈጸሙን፤ ይህን የመሰለ ዜጋ በሚመለከተው አካል ሊመሰገን የሚገባው መሆኑን በአክብሮት ገለጽኩ። መመስገኑ እንዳይቀርበት ብዬም ግልባጩን ለመናኸሪያው፣ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትና ለባለንብረቶች ማኅበር አደረግኩ። ሦስቱንም በእጄ ወስጄ፣ በየመዝገብ ቤቱ አስፈርሜ አስገባሁ። የሰጡኝ የገቢ ቁጥር እስከዛሬ አለኝ።

ካርዱ በሰባተኛው ሳምንት ወጣ። የተለበጠ፣ ጥግ ጥጉ የተስተካከለ፣ ሰማያዊ ማኅተም ያረፈበት። በደስታ ለሁለታችን ለስላሳ ገዝቼ ገባሁ። ባለቤቴ ካርዱን ቀኝ ዓይኗ ድረስ አስጠግታ አየችውና «ይሁና፣ ቀናህ» አለች፤ ስሜንም ጠራች።

በዚያው ሳምንት ለሹፌሩ ስደውል ስልኩ አይሠራም። በማግስቱም አልሠራም። መናኸሪያ ወርጄ ተራ አስከባሪውን ጠየቅኩት። ተራ አስከባሪው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ከማን መኪና በኋላ የማን መኪና እንደሚጭን የሚወስነው እሱ ነው፤ ወሬም ከእሱ አያመልጥም።

«ከሐረር መስመር ተነስቷል። መቻራ መስመር ነው ያለው፣ ስድስት ወር ተቀጥቶ» አለኝ።

«ምን አጥፍቶ?»

«በነፃ ሰው ጭነሃል፣ ማኒፌስት ላይ የሌለ ሰው አሳፍረሃል ተብሎ ነዋ። ሁለት ዓመት ሙሉ! ኬላ ላይ ዝም ያሉትንም ሳይነካቸው አልቀረም። ደብዳቤ ገባበት።»

«ማን ነው የጻፈበት?» አልኩት። ወላሂ፣ ስጠይቀው አልገባኝም ነበር።

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ አላየሁትም። ግን በጣም ቆንጆ አማርኛ ነው አሉ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከመናኸሪያው እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «ሰው ደግ ሲሆንልህ ዝም ብሎ መቀበል ምን ነበረበት?» ብቻ አለችኝ። መምህር ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

የመቻራ መንገድ ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል። አቧራና ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጭቃ ነው፤ የቡና መጫኛ ከባድ መኪና የቆፈረው ጉድጓድ ሚኒባስ ይውጣል። ሹፌሩን ያገኘሁት ከዚያ ተመልሶ፣ መኪናው ሥር ተኝቶ ባሌስትራውን፣ የመኪናውን ሞላ፣ ሲያስር ነው። ወጥቶ እጁን ጠራረገና እንደወትሮው ትከሻዬን ሳመኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ምን ቀረኝ።

«አጠፋሁህ፣ ልጄ» አልኩት።

«ቲቸር፣ ምንም አይደል። አንብበውልኛል እኮ። ስብሰባ ላይ ነው የተነበበው፣ ሙሉውን። ስለ ቅን ልቦናዬ የሚለው ጋ ሲደርሱ አንዳንዱ አጨበጨበ።» ሳቀ። «ከዚያ ቀጡኝ።»

«እኔ ሄጄ ላስረዳቸው? ሌላ ደብዳቤ...»

«ኧረ ተዉ! ስለ ነቢዩ ይተዉኝ!» አለ፤ የምሩን ነበር የደነገጠው። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «መቻራ የዓይን ሐኪም ቢኖር በየቀኑ በወሰድኳቸው ነበር» አለኝ።

የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ የደረሰው ከዚህ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ግፊቱ በጠብታ አልወርድ ብሏል፤ ቀዶ ጥገና የሚያደርጉት ሐኪም በሁለት ወር አንዴ ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ ስሟ ተይዟል። ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ ተብለናል። በመጀመሪያው መኪና ከወጣን አምስት ሰዓት ላይ እንደርሳለን። ገና ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ነበርን። ባለቤቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለማደሪያ የሚሆነንን ልብስ በፌስታል ይዛለች። እኔ ካርዱን በሸሚዝ ኪሴ፣ በልብ በኩል።

ትኬት ቆራጩ ካርዱን ገለባብጦ አየው።

«ይሄ እስከ ሂርና ነው የሚሠራው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ዞን ነው።»

«ሐረር ነው የምንሄደው። ለሕክምና ነው የወጣው፣ ማስረጃው...»

«አባ፣ እስከ ሂርና ነው። የሐረር መኪና ደግሞ የሂርና ሰው አይጭንም፤ ወንበሩ ከሂርና ወዲያ ባዶ ይሄድበታል። ወይ ሁለታችሁም ሐረር ሙሉ ቁረጡ፣ ወይ የሂርናን መኪና ጠብቁ።»

ካርዱን ተቀብዬ ጀርባውን አየሁት። እውነትም በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። እኔ፣ ማስታወቂያ ላይ የፊደል ስህተት የምለቅመው ሰው፣ የካርዱን ጀርባ አላነበብኩትም ነበር።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ነግሬው አላውቅም። ገንዘቡ በኪሴ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለምትፈልገው መድኃኒት ብዬ የያዝኩት ነው፤ ግን ነበር። ሙሉውን ቆርጠን መሳፈር እንችል ነበር፤ የሐረሩ መኪና ሊሞላ ሦስት ሰው ብቻ ነበር የቀረው፤ ረዳቱ «ሐረር፣ ሐረር» እያለ ይጣራል። ባለቤቴ እጅጌዬን ያዘችና «ክፈለውና እንሂድ፤ የመድኃኒቱን እዚያ ስንደርስ እናስብበታለን» አለችኝ። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ለዚህች ካርድ ሰባት ሳምንት ደረጃ ወጥቻለሁ፤ ለዚህች ካርድ ሰው አስቀጥቻለሁ። ዛሬ ካልሠራች ለምን ሊሆን ነው? «ቆይ» አልኳት። «እስከ ሂርና በካርዱ፣ ከዚያ በሙሉ እንሄዳለን። ሂርና መኪና ሞልቷል።»

የሐረሩ መኪና ሞላና ሄደ።

የመጀመሪያው የሂርና ሚኒባስ ሲመጣ ክራንች የያዙ አንድ አዛውንት ቀድመውን ገብተው ነበር። ረዳቱ የእኛን ካርድ ሲያይ እጁን አወናጨፈ። «አንድ ግማሽ ይበቃናል፣ በሚቀጥለው!» አለ። ለካ ካርድ ያለንን ሰዎች «ግማሽ» ብለውናል። ግማሾቹ መጡ፣ ግማሽ አለ ወይ፣ ይባላል። ባለቤቴ ሰምታ «እኔ እንኳ በዓይንም ግማሽ ነኝ» አለች፤ ልታስቀኝ ብላ ነው፤ አልሳቅኩም።

በሚቀጥለው ሄድን። ሂርና ስንደርስ አራት ሰዓት አልፏል። አስፋልቱ ዳር ቆመን የሐረርን መኪና መጠበቅ ጀመርን። ከጭሮ የሚመጣው ሁሉ ሞልቶ ነው የሚመጣው። እጄን ስዘረጋ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጉቴራ!» ይለኛል፤ ሞልቷል ማለቱ ነው፤ ሳይቆም ያልፋል። ስንት መኪና እንዳለፈን መቁጠሩንም ተውኩት። ባለቤቴን አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ አስቀመጥኳት። አቧራው እንዳይገባባት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ሸፍና፣ በየመሐሉ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ትለኛለች። መጀመሪያ ትክክለኛውን ነገርኳት፤ በኋላ ግን መቀነስ ጀመርኩ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጫት የጫነ ፒካፕ ቆመልን። ሹፌሩ ጉንጩን ወጥሮ «ኮቱ፣ ኮቱ! እማማ ከፊት፣ አንተ ላይ!» አለኝ፤ ኮቱ ና ማለት ነው። እንደዚያ በአንተ የጠራኝ ሰው በሌላ ቀን ቢሆን እገሥጸው ነበር። በዚያች ሰዓት ግን እጁን መሳም ብቻ ነበር የቀረኝ። የጫቱ እስር ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ ገመዱን ጨብጬ፣ ደንገጎ ድረስ ሄድኩ። ጫት የጫነ መኪና እንዴት እንደሚበር የዚህ አገር ሰው ያውቃል። እየጸለይኩ ነበር፤ ስለ ራሴ አልነበረም፣ ይበልጥ ይብረር እያልኩ ነው።

እሱ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ደንገጎ ላይ ወርደን ሌላ መኪና ያዝን። ሐኪም ቤቱ ስንገባ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። የዓይን ክፍሉ ኮሪደር ታጥቦ ገና አልደረቀም። ነርሷ ሴትዮ የሥራ ልብሷን አውልቃ ልትወጣ ስትል ደረስንባት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«እማማ፣ ምነው? ስምዎ እኮ ሦስት ጊዜ ተጠራ» አለች።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ሆነ። ያን ሌሊት እዚያው በረንዳ ላይ አደርን። ባለቤቴ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ፌስታሉን ትራስ አድርጋ ተኛች። እኔ ገንዘቡን ከኪሴ አውጥቼ ሳየው አደርኩ።

በእነዚያ ሁለት ወሮች ጠብታውን አላጓደልኩም። ሙሉ እየከፈልኩ ግፊቷን አስለካሁ፤ ዕቃ ሸጥኩ፤ ካርዱን ወደ መሳቢያ ወረወርኩት። ግፊቱ ግን አልወርድ አለ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ምስር ወጥ ቀረበ። ስጎርስ ጠጠር ጥርሴ ሥር ኮሽ አለ። ዝም ብዬ ዋጥኩት። ሁለተኛው ጉርሻ ላይም ኮሽ አለ። ባለቤቴ እጇ ትሪው ላይ እንዳለ ቀጥ አለ።

«እኔ ነኝ የለቀምኩት» አለች። «ሁለት ጊዜ ነው የለቀምኩት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሰፌድ አልጠየቀችም።

ቀጠሮው ሲደርስ በመጀመሪያው መኪና፣ በሙሉ ዋጋ፣ ገና አምስት ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ሐኪሙ ብዙ አየ፤ መብራት አበራ፣ አጠፋ፣ ጣት አስቆጠረ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ነርቩ ሞቷል፣ ቀዶ ጥገናው አሁን አይጠቅማትም አለኝ። በዝግታ ነው የነገረኝ። እሷ ግን ሰምታለች፤ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለ ልፋታችሁ» ብላ ተነሳች፤ በሩን በእጇ እየፈለገች ልትወጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ መስኮት በኩል ነበርኩ። የሚታየውን ልንገራት ብዬ አፌን ከፍቼ፣ አቃተኝ።

ይህ ከሆነ ጥቂት ወር አለፈ። በዚያ ሰሞን ያቺን የቢሮ ጸሐፊ ገበያ ላይ አገኘኋት። የባለቤቴን ጤና ጠየቀችኝና ነገርኳት። ከልቧ አዘነች። ትንሽ አሰበችና፣ «አባባ፣ እንግዲያው እኮ ካርዳቸው ይቀየራል» አለችኝ። «ሙሉ በሙሉ ማየት የተሳናቸው ከነደጋፊያቸው በነፃ ነው የሚሄዱት። ዞንም አይለይም፤ ሐረርም፣ ድሬም፣ አዲስ አበባም። ይዘዋቸው ይምጡ፣ እኔው እጨርስልዎታለሁ።»

አመስግኜ ሄድኩ። ለባለቤቴ አልነግራትም ብዬ ነበር፤ ምን ይሉት ጨዋታ ነው? ሐረር ሄደን ምን ልናደርግ? ግን ቤት ስገባ ፊቴን ባታይም ዝምታዬን ታውቀዋለች፤ ጎተጎተችኝና ነገርኳት። ይህን ሰምታ ትስቃለች ወይ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እንሂድና እናውጣው» አለች።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ያንተ ልፋት ውሃ አይብላው» አለችኝ። የምሯን ይሁን ስታሾፍብኝ አላወቅኩም።

ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆጠረች ወጣች። ጸሐፊዋ ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ሰቅላ፣ ወንበር ሰጥታት፣ በስልኳ ፎቶ ልታነሳት ተዘጋጀች። ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ፀጉሯን በመዳፏ አለሳለሰች። «እማማ፣ ወደ እኔ» አለች ጸሐፊዋ። ባለቤቴ ወደ ድምፁ ዞረች። በዚህ መሐል ግን ጸሐፊዋ ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ ነበር፤ ከዚያ ሆና ድምፅ ሳታሰማ ስልኩን ጫን አድርጋ አነሳቻት። እኔ የባለቤቴን ዱላ ይዤ ከወንበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። «አልቋል» ተባለ።

ካርዱን በሳምንቱ ሄጄ ተቀበልኩና አመጣሁላት። ሁለቱንም ገጽ፣ ጀርባውንም ጭምር፣ አነበብኩላት። ምንም የሚጎድለው የለም። ተቀብላኝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ጨርቅ እንደምትዳስሰው፣ ከዳር እስከ ዳር።

«ፎቶው እንዴት ነው? እንዴት ሆኜ ወጣሁ?» አለችኝ።

አየሁት። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ፈገግ ብላ፣ ማንም የሌለበትን ጥግ ታያለች።

«ጥሩ ወጥተሻል» አልኳት። «ቀጥ ብለሽ እኔን ነው የምታዪው።»

ካርዱን መለሰችልኝ።

«አንተ እኮ ከጎኔ ነበርክ» አለችኝ።